ስም የሌለው መርከበኛ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ንጉሥ
የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ኅትመት ሥዕሎች ስለ እኛ ምን ይመሰክራሉ?

መርካቶ ውስጥ ፖስተር የሚሸጥበት ደጃፍ ላይ ነገሥታት ከቅዱሳን፣ ቅዱሳን ከእግር ኳስ ተጫዋቾች ጋር ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። ምኒልክ በፈረስ፣ ቴዎድሮስ በሹሩባ፣ ጣይቱ በካባ ይታያሉ። ገዢው መጠኑንና ዋጋውን ይጠይቃል፣ ላሚኔት ያስደርጋል ወይም ፍሬም ያስገባል፣ ጠቅልሎም ይሄዳል። ሥዕሉን ማን እንደሣለው፣ የት አገር እንደታተመ፣ ሠዓሊው ሰውየውን አይቶት ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። በየዓድዋ በዓሉ የምናያት፣ ምኒልክ በጦር ሜዳው ላይ ሆነው ውጊያውን ሲመለከቱ የምታሳየው ባለ ቀለም ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣች የፓሪስ ጋዜጣ ሥዕል ናት። ጋዜጣው «ሌ ፐቲ ዡርናል» ይባላል። ሥዕሏ የተዘጋጀችው ጦርነቱ ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ለፈረንሳይ አንባቢ ነው።

ይህ ዳሰሳ ከዚያች ሥዕል ወደ ኋላ ይሄዳል። ኢትዮጵያዊ ፊት በፈረንሳይ የቀለም ኅትመት ላይ እንዴት ወጣ? ያወጣውስ ማን ነው? የታሪክና የሥነ ጥበብ ሰዎች በነዚህ ሥዕሎች ዋጋ ላይ በምን ይለያያሉ? ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋይ፣ ቅባትና የግራር ሙጫ

«የታተመ ሥዕል» የሚለው ስም ጠባያቸው የማይገናኝ ሦስት ሥራዎችን አንድ ላይ ያጭቃል። በእንጨት ቅርጽ ላይ ቀለም የሚነካው ተፈልፍሎ ያልወጣው ክፍል ነው። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ግን ቀለሙ የሚተኛው በተጫረው ጭረት ውስጥ ነው፤ ሰሌዳው በወረቀቱ ዙሪያ የረገጠው ጠርዝም በጣት ይዳሰሳል። ሦስተኛው ሊቶግራፊ የሚባለው የድንጋይ ኅትመት ሲሆን፣ በ1790ዎቹ መጨረሻ ባቫሪያ ውስጥ አሎይስ ሴኔፌልደር የደረሰበት ዘዴ ነው። የእኛን አገር ሰው በብዛት ያተመው ይሄ ሦስተኛው ነው።

አሠራሩ ቅርጽ መፈልፈል አይፈልግም፤ የቅባትና የውሃን አለመስማማት ይጠቀማል። ሠዓሊው በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይስላል። ከዚያ ድንጋዩ ጥቂት አሲድ በገባበት የግራር ሙጫ ይታጠባል። ሙጫው ያልተሣለበትን ቦታ ውሃ እንዲይዝ፣ ቅባት እንዳይቀበል ያደርገዋል። ድንጋዩ በስፖንጅ ረጥቦ ቀለም ያለው ሮለር ሲነዳበት ቀለሙ ቅባቱ ላይ ብቻ ይጣበቃል። ወረቀት ይለበስበትና በመጭመቂያ ያልፋል። የእርሳሱ ሻካራ ነጠብጣብ፣ የእጁ መጫንና መላላት ሁሉ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ይገለበጣል።

ቁሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻ የተሠራ ነው፤ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ተወቅጦ፣ ለወራት ተብላልቶ፣ ሙጫ እያያያዘው። «ማተም» የሚለው ግስም ከማተሚያ ቤት በፊት የነበረ ነው። ነገሥታቱ በደብዳቤያቸው ራስ ላይ የሚያሳርፉት ማኅተም በቀለም የሚታተም ሥዕል ነበር። እዚያ ላይ ኅትመት ማለት «ይህ ከእኔ የወጣ ነው» የሚል ቃል ኪዳን ነው። በፓሪስ ድንጋይ ላይ ግን የሚታተመው ሰው የሌላ ሰው ቃል ሆኖ ይወጣል። የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ይመስለኛል።

መርከበኛው እንደ «ዓይነት»

በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ የፈረንሳይ የሥዕል ገበያ በአንድ ዘውግ ተጥለቅልቆ ነበር። አንድ ሰው ባዶ ነጭ ዳራ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ከሥሩ የግል ስሙ ሳይሆን የሥራው ስም ይጻፋል። መርከበኛው፣ አጣቢዋ፣ ጠበቃው፣ ተማሪው እንዲህ ታተሙ። ከ1840 እስከ 1842 የወጣው «ፈረንሳውያን ራሳቸውን ሲሥሉ» የተባለው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ የዚህ ዘውግ ትልቁ ሐውልት ነው። በዚህ ልማድ የሚሣል መርከበኛ ቆቡ ወደ ኋላ የተገፋ፣ አንገቱ የተገለጠ፣ እግሩን ከፍቶ የቆመ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይጻፍም። ተመልካቹ ሊያውቀው የሚገባው አንድን ሰው ሳይሆን የሰው ዓይነት ነው።

ያው እጅ፣ ያው ድንጋይ፣ በነዚያው ዓመታት «የትግሬ ወታደር»፣ «የሸዋ ሴት»፣ «የአዳል ነጋዴ» የሚል ሥዕል ሲያወጣ የሚታዘበው ሰው ሁለት ወገን ይሆናል። አንዱ፣ «አውሮፓዊው አፍሪካዊውን ስም የነሳው ስለናቀው ነው» ይላል። ሌላው፣ «የራሱንም መርከበኛ ስም ነስቶታል፤ የዘውጉ ጠባይ ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለተኛው መልስ እውነት አለው፤ ነገር ግን አይበቃም። የፓሪሱ ገዢ መርከበኛ በዓይኑ አይቷል፤ ሥዕሉ ቢዋሽ ይስቃል። የትግራዩን ወታደር ግን አይቶት አያውቅም። ለእሱ ዓይነቱ ራሱ ሰውየው ሆኖ ይቀራል።

መልሕቅ ጥለው የመጡት

ስለ ኢትዮጵያ የተሠሩ የፈረንሳይ ሥዕሎች ታሪክ በአመዛኙ የባሕር ሰዎች ታሪክ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈረንሳይ በቀይ ባሕር ዳር ወደብ ትፈልግ ነበር። የባሕር ኃይል መኮንን ደግሞ የባሕር ዳርቻን መልክና የተራራን ጫፍ በእርሳስ መዝግቦ መመለስ ሙያው ነው።

ከሁሉ የሚልቀው የሌተናንት ቴዎፊል ለፌቭር ጉዞ ነው። ከ1839 እስከ 1843 ድረስ የዘለቀ ሲሆን፣ አብረውት ሐኪሞችና የተፈጥሮ ተመራማሪዎች የሆኑት ፐቲና ካርታን ዲሎን፣ እንዲሁም ሠዓሊው ቪኞ ነበሩ። ዋጋው ከባድ ነበር። ካርታን ዲሎንን የመረብ ሸለቆ ወባ ገደለው፤ ፐቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ጉዞው በፓሪስ በብዙ ቅጾች ታተመ፤ ከጽሑፉም ጋር ትልልቅ የሥዕል አትላሶች ወጡ። በዚያው ጊዜ የምድር ጦር መኮንኖቹ ፌሬና ጋሊንየ የራሳቸውን ጉዞ አደረጉ። ሮሼ ዴሪኩር ደግሞ ሁለት ጊዜ ሸዋ ደርሶ በ1843 በንጉሥ ሳህለ ሥላሴና በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ መካከል የተደረገውን ውል ይዞ ተመለሰ። በ1859 የፍሪጌት ካፒቴን ስታኒስላስ ሩሰል የዐፄ ቴዎድሮስ ተቀናቃኝ ወደነበረው ወደ አገው ንጉሤ ተላከ። ለንጽጽር ያህል፣ እንግሊዞቹ ከሄንሪ ሶልት የ1809 የመዳብ ሥዕሎች ጀምሮ፣ ወደ ሸዋ የተላከውን የሃሪስን ልዑክ ተከትሎ እስከ መጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ በርናትዝ ድረስ፣ የራሳቸው መስመር ነበራቸው።

ከመርከበኞቹ መካከል ለዚህ ጥያቄ ትልቁን ፍሬ የሰጠው ግን ደጋውን ያልረገጠው ሻርል ጊያን ነው። ከ1846 እስከ 1848 «ዱኩዌዲክ» በተባለች መርከብ የሶማሌን ጠረፍና የምሥራቅ አፍሪካን ወደቦች ሲዞር ዳጌሮታይፕ፣ ማለትም የመጀመሪያውን የፎቶግራፍ ዘዴ፣ ይዞ ነበር። በ1850ዎቹ የታተመው አልበሙ የያዛቸው የድንጋይ ኅትመቶች በከፊል ከነዚያ ፎቶግራፎች የተገለበጡ ናቸው። ከፎቶግራፎቹም የተወሰኑት ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም አሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ፣ ከስንት አንዴ፣ የታተመውን ፊት ከመነሻው ፊት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ይቻላል።

ማስረጃ ወይስ ምናብ?

የመጀመሪያው አቋም እነዚህን ሥዕሎች እንደ ሰነድ ይወስዳል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በረዥም የምርምር ዘመኑ የመንገደኞችን ሥዕል ከጽሑፋቸው ጋር አዛምዶ ስለ ልብስ፣ ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ገበያና ስለ ቤት አሠራር ብዙ አስተምሮናል። እሱ በ1963 (1955 ዓ.ም.) ሲቋቋም በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመራው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የመንገደኞችን መጻሕፍት ሰብስቦ ለአገር ውስጥ ተመራማሪ በቅርብ አድርጓል። የዚህ ወገን መከራከሪያ ጠንካራ ነው። ከፎቶግራፍ በፊት ለነበረው ዘመን የሰው መልክን በዝርዝር የሚያሳይ ሌላ ምን አለን? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አለ፤ ግን ዓላማው ሌላ ነው።

ሁለተኛው አቋም የኤድዋርድ ሰዒድ የ1978 መጽሐፍ ካስነሳው ሙግት ይመነጫል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ሊንዳ ኖክሊን በ1983 ወደ ሥዕል አመጣችው፤ አውሮፓዊው ሠዓሊ ዝርዝሩን አሳምሮ የሚሥለው ምናቡን እውነት ለማስመሰል ነው የሚል ነው ጭብጡ። ሙግቱ የተነሣው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ሥዕሎች ነው። ለኢትዮጵያ ሲመጣ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ለፌቭርና ሮሼ የመጡት ገዢ ሆነው አልነበረም፤ የአገሩን መኳንንት ፈቃድ እየለመኑ የሚጓዙ እንግዶች ነበሩ። ለፌቭር ከደጃዝማች ውቤ ግዛት ያለ ፈቃድ ንቅንቅ ማለት አይችልም ነበር። ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እርሳሱን የሚያነሳ ሠዓሊ ሥራውን እንደፈለገው ማድረጉ ያጠራጥራል። በሌላ በኩል እርሳሱ ፓሪስ ሲደርስ ያ ጌታ የለም። ድንጋዩ ላይ የሚሥለው ሰው ማንንም አይፈራም።

ሦስተኛው አቋም የኅትመት ባለሙያዎች ነው። እኔም የማዘነብለው ወደዚሁ ነው። ጥያቄውን «እውነት ወይስ ሐሰት» ከማለት «የትኛው እጅ ምን ሠራ» ወደማለት ያዞሩታል። አንድ የድንጋይ ኅትመት ቢያንስ ሦስት እጅ አለበት፦ በቦታው የነደፈው፣ ድንጋዩ ላይ የገለበጠው፣ ያተመው። ልማዱ የሦስቱም ስም ከሥዕሉ በታች ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ በደቂቅ ፊደል እንዲሰፍር ነበር፤ የነዳፊው በግራ፣ የገልባጩ በቀኝ፣ የማተሚያ ቤቱ በመሐል ወይም በአንድ ጥግ።

የለፌቭር ሥራ ለዚህ አቋም ልዩ ማሳያ ነው። የጉዞው ሁለት ቅጾች አሺል ሪሻር የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ያዘጋጃቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት መዝገብ ናቸው። ፐቲና ካርታን ዲሎን ሕይወታቸውን ከፍለው የለቀሙት ቅጠልና አበባ ደርቆ ፓሪስ ገብቷል። የቅጠሉ ሥዕል ስሕተት ካለበት ተመራማሪው የደረቀውን ቅጠል አውጥቶ ያርመዋል። ለሰው ፊት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። አንድ ጉዞ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ማተሚያ ቤት፤ ሆኖም ግማሹ ሥዕል ይመረመራል፣ ግማሹ በእምነት ይቀበሉታል።

ጎራዴው በየት በኩል ነው?

በእምነት ብቻ መቀበል ግን የለብንም፤ መመዘኛዎች አሉን። ድንጋይ ላይ የተሣለ ሥዕል ሲታተም ይገለበጣል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ጠንቃቃ ገልባጭ ይህን አስቀድሞ አስልቶ በመስተዋት እያየ ይሥላል፣ ቸልተኛው ይተወዋል። ኢትዮጵያዊ ተዋጊ በዚያ ዘመን ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ በኩል ነበር፤ አውሮፓዊው በግራ። ስለዚህ ጎራዴው በግራ የተንጠለጠለበት ሥዕል ሲገጥመን ሁለት ነገር እንጠረጥራለን። ወይ ሥዕሉ ተገልብጧል፣ ወይ የፓሪሱ ሰው በራሱ ልማድ «አስተካክሎታል»። ሁለቱን የምንለየው ጋሻውን፣ የሸማውን አጣጣልና የልብሱን አዘራር አብረን በማየት ነው። ሁሉም ከተገላበጠ መስተዋቱ ነው፤ ጎራዴው ብቻውን ከሆነ ግን እጁ ነው።

ፈረሰኛውንም እንዲሁ። ባላገሩ ፈረሰኛ እርካቡን የሚረግጠው በባዶ እግሩ፣ በአውራ ጣቱ ነበር። ሙሉ ውስጥ እግሩን እርካብ ውስጥ ያስገባ ባዶ እግር ጋላቢ ከታተመ፣ ገልባጩ ኢትዮጵያዊ ፈረሰኛ አለማየቱን አወጀ ማለት ነው። የሳህለ ሥላሴም አንድ ዓይን የማያይ እንደነበር የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። ስለዚህ የንጉሡ ነው የሚባል ሥዕል ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ቀዳሚ ጥያቄ፣ ሠዓሊው ያን ዓይን ምን አደረገው የሚለው ነው።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ለሁለቱም ተሟጋቾች አይመችም። ልብስ፣ ጌጥና መሣሪያ ጥሩ ምስክሮች ናቸው፤ ዕቃው ራሱ ተገዝቶ ፓሪስ ስለሚሄድ ገልባጩ ፊቱ አስቀምጦ ይሥለዋል። ፊት ደካማ ምስክር ነው፤ አፍንጫውና ከንፈሩ በሥዕል ትምህርት ቤት በተለመደው ቅርጽ ይቃናል። ከሁሉ የሚደክመው የአቋቋም ነገር ነው፤ እሱ ከግሪክ ሐውልት የተወሰደ ነው።

ሌላም ብዙ ያልተነካ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ሥዕል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ኃጥእና ጠላት በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላል። የፈረንሳዩ ሠዓሊ የአንድን ሕዝብ መልክ ለመመዝገብ የጎን ገጽታን ይወድ ነበር። የተሣሉት ሰዎች ራሳቸውን በዚያ ወረቀት ላይ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ከመኳንንቱ አንዱ ራሱን በአንድ ዓይን ተሥሎ ሲያገኘው እንደ ምስል ያየው ነበር ወይስ እንደ ስድብ? ይህን ጥያቄ የመንገደኞቹ ጽሑፎች እንጂ ሥዕሎቹ አይመልሱም፤ ጽሑፎቹም ለዚህ ሲባል ገና በወጉ አልተፈተሹም።

የቴዎድሮስ ፊት

ክርክሩ ከሁሉ የሚያመው እዚህ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት መሆኑ የተረጋገጠ ፎቶግራፍ አይታወቅም። ያለን በአንድ በኩል የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ በ1868፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ የሣለው የአስከሬናቸው ንድፍ ነው። በሌላ በኩል የአውሮፓ መጽሔቶች የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አሉ። ከነዚህ የታወቀው ቴዎድሮስ በአንበሶቻቸው ተከበው ሲያስችሉ የሚያሳየው ነው። «ሌ ቱር ዱ ሞንድ» በተባለው የፓሪስ መጽሔት፣ ቴዎድሮስ በሰንሰለት አስረውት ከነበረው ከፈረንሳዩ ቆንስል ከጊዮም ለዣን የጉዞ ዘገባ ጋር የተያያዘ ነው። ለዣን ንጉሡን አይቷል። ቅርጹን በፓሪስ የፈለፈለው ሰው አላየም።

ታዲያ መርካቶ የምትሸጠው ባለ ሹሩባው ቴዎድሮስ የማን ነው? አንደኛው መልስ፣ ሕዝቡ ለጀግናው የሰጠው ፊት ነው፤ ሹሩባው የጦረኛ ወግ ነው፤ እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ሁሉ ማስረጃ አይጠየቅበትም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለቅዱስ የሚፈቀደው ለታሪክ ሰው አይፈቀድም፤ ልጆች ያንን ፊት «ቴዎድሮስ» ብለው ሲያድጉ የሞቱት ሰው ይጠፋል ይላል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ሆኖም የጠፋውን ፊት መልሰን ለመሥራት ያለን ቁሳቁስ የአንድ አስከሬን ንድፍና የሩቅ ጠራቢዎች እንጨት ነው፤ ያ እንዴት እንደሚያስቆጭ አለመናገር አይቻልም።

ኅትመቱ ሲመለስ

ሥዕሉ ከእኛ ወደ እነሱ ብቻ አልሄደም። ሮም በ1590–91 ያሳተመችው የዓረብኛ ወንጌል፣ 149 የአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎችን ይዞ ኢትዮጵያ ገብቷል። ተመራማሪዎች የሥዕሎቹን አቀማመጥ በጎንደር ዘመን ብራናዎች ላይ ለይተዋል። ስታኒስላው ሖይናትስኪ በ1983 ባሳተመው ትልቅ ሥራው የኢትዮጵያን ሥዕል ዋና ዋና ርእሶች ምንጫቸውን እየተከተለ ያሳያል። የጎንደሩ ሠዓሊ ጥቁርና ነጩን ኅትመት ተቀብሎ ቀለም አለበሰው፣ ዓይኑን አበራለት፣ ልብሱን ለወጠው። ማንም «ኮረጀ» አላለውም። ዛሬ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከንዋየ ቅድሳት ጋር የሚሸጡት የምዕራባውያን ዓይነት የማርያምና የመድኃኔ ዓለም ኅትመቶች ግን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን ያከራክራሉ። አንዱ ወገን ሥርዓተ ሥዕል ተጣሰ፣ የአገሩ ሠዓሊ እንጀራውን አጣ ይላል። ሌላው ምእመኑ የሚጸልይበትን ሥዕል በአቅሙ ማግኘቱን ያስቀድማል። ልዩነቱ፣ ይመስለኛል፣ የጎንደሩ ሠዓሊ ኅትመቱን እንደገና በእጁ መሥራቱ ላይ ነው፤ ኦፍሴት ማሽኑ አይሠራም፣ ያባዛል።

ኅትመት ራሱ የጥበብ ሥራ መሆኑንም በአገራችን ያሳዩ አሉ። በ1960ዎቹ ጀርመናዊ ብራዚላዊው ሃንሰን ባሂያ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተማረ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ለእነሱ አንድ ቅርጽ ሃያ ጊዜ ቢታተም ሃያውም ኦሪጂናል ነው፤ ቁጥርና ፊርማ ይሰፍርበታል።

ጠርዙ

መርካቶ ላይ የተሰቀለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት አጉሊ መነጽር ይበቃል። የድንጋይ ኅትመት ሲጎላ ሥርዓት የሌለው ሻካራ የእርሳስ ነጠብጣብ ያሳያል። የእንጨት ቅርጽ በብረት የተጠረገ ነጭ መስመር አለው። ፖስተሩ ግን በእኩል ርቀት የተደረደሩ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች ነው፤ ከነጥቦቹ በታች አንዳንዴ የመጀመሪያው ድንጋይ ሻካራ ነጠብጣብ እንደ ጥላ ይታያል። ቅጂው የቅጂ ቅጂ ቢሆንም አሻራው አልጠፋም።

በሕግ በኩል አስቸጋሪ ነገር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲን የኢኮኖሚ መብት የሚጠብቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። የለፌቭርም የቪኞም ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ማንም ሊያትመው፣ ሊሸጠው ይችላል። ሕጉ የማይፈታው የስሙን ነገር ነው። የሠዓሊው ስም፣ የገልባጩ ስም፣ የታተመበት ዓመት፣ በፊቱ የቆመው ሰው «ወታደር» ከመባሉ በፊት የነበረው ስም፤ ከነዚህ የሚተርፈው ካለ ያለው ከሥዕሉ በታች ባለው ቀጭን ነጭ ጠርዝ ላይ ነው።

ያ ጠርዝ ደግሞ ለፍሬም አይመችም። ሠሪው ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ያነጥፋል፣ ማስመሪያውን ከንጉሡ እግር ሥር ያስተካክላል፣ ምላጩን አንድ ጊዜ ይስባል። ቁራጩ መሬት ይወድቃል፤ ማታ ከሌላው ወረቀት ጋር ይጠረጋል።